ጋሽ እንድሪስ፣ የአዋሹ መዝጊያ

የጋሽ እንድሪስን ሞት የነገረኝ ወደ ጅቡቲ የሚወርድ የቦቴ ሹፌር ነው። ሰመራ በምሠራበት ጤና ጣቢያ ደም ግፊቱን ልለካው ክንዱን ጠቅልዬ ሳለ፣ «ሲስተር፣ አንቺ አዋሽ ነበርሽ አይደል? መዝጊያው እኮ ዐረፈ» አለኝ። መለኪያውን መንፋት ረስቼ ቀረሁ።

«መቼ?»

«ትናንት። ዛሬ ጠዋት ከአዋሽ ስነሳ ወሬውን ይዤ የምወርደው እኔ መስሎኝ ነበር። ገዋኔ ስደርስ ሰምተዋል። ሚሌ ስደርስም ሰምተዋል።»

የአፋር ዳጉ እንዲህ ነው። ሰው ከሰው ወሬ እየተቀባበለ ከመኪና ይቀድማል። የሹፌሩ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅስ መስሎኝ ቀና ስል ለካ እየሳቀ ነው።

«ይቅርታ ሲስተር። አንድ ቀን ሜዳው ዳር መኪና አቁሜ ሳይ፣ 'አንተ ወፍራም! ና ግብ ጠባቂ ጎድሎናል' ብሎ አስወርዶኝ በረኛ አደረገኝ። ሰባት አገቡብኝ። 'አብሽር፣ ጥላህ ግን ለልጆቹ ጠቅሟቸዋል' አለኝ።»

እኔም ሳቅሁ። የጋሽ እንድሪስ ነገር ሲነሳ ሳይስቅ የሚቀር ሰው አላውቅም። በማግስቱ ፈቃድ ጠይቄ በጠዋቱ ሚኒባስ ወደ አዋሽ ተሳፈርኩ።

እሱን ያወቅሁት ከነርስነት ትምህርት ወጥቼ አዋሽ በተመደብኩበት ዓመት ነው። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ረጅም ሰውዬ፣ ከላይ የኳስ ማሊያ፣ ከታች ሽርጥ፣ አንገቱ ላይ ፊሽካ፣ ጀርባው ላይ ቁርጭምጭሚቱ የዞረበት ልጅ አዝሎ እያነከሰ ገባ። ሰውዬው ከልጁ ይብሳል።

«ታማሚው ማንኛችሁ ናችሁ?» አልኩ።

«ዛሬ እሱ ነው። እኔ የድሮ ደንበኛ ነኝ» አለ።

የልጁን እግር በፋሻ እያሰርኩ ሳለ አጠገቤ ቆሞ እጄን ብቻ ያያል። ስጨርስ፣ «እጅሽ አይቸኩልም» አለኝ። «ቅዳሜ ሜዳ ነይ። ቡድናችን ወጌሻ የለውም።»

«እኔ እኮ ኳስ አላውቅም፣ ጋሼ።»

«ተመስገን! ኳስ የሚያውቅ ወጌሻ ጨዋታውን እያየ የወደቀውን ይረሳል።»

በዚህ ሁኔታ የአዋሽ ታዳጊዎች ቡድን ወጌሻ ሆንኩ። መጀመሪያ ሰሞን አንቱ እለው ነበር። «አንቱ ያልሽኝ ቀን ጡረታ ወጣሁ ማለት ነው፣ ተይኝ» ብሎ ተቆጣኝ። ዛሬም እሱ ብዬ የምጽፈው ለዚህ ነው።

ጋሽ እንድሪስ የኮምቦልቻ ልጅ ነው። በአንድ ፋብሪካ ቡድን ጀምሮ፣ ድሬዳዋ ተጫውቶ፣ አዲስ አበባ ለአንድ ትልቅ ክለብ የመሀል ተከላካይ ሆነ። መዝጊያው የሚለውን ስም ያወጡለት የዚያ ዘመን ደጋፊዎች ናቸው። «ያኔ አሥር ቁጥሮች ሁሉ እኔን በሕልማቸው ያዩኝ ነበር» ይል ነበር።

«አንተም እነሱን ነው የምታየው» ትላለች ባለቤቱ ዘይነባ። «ትናንት አንዱን ልታስቆም ብለህ ሽንጤን ብለኸኛል።»

ለብሔራዊ ቡድን አንዴ ተጠርቶ ውጭ አገር ሄዷል። ሙሉውን ጨዋታ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀምጦ ተመለሰ። ስለዚያ አገር ስትጠይቀው፣ «ወንበራቸው ይመቻል» ይልሃል። ስንት ጎል አገባህ ለሚሉት ልጆች ደግሞ፣ «ሁለት። አንዱ ለኛ ነው» ነበር መልሱ።

ጉልበቱ ከተበላሸ በኋላ ክለቡ አሰናበተው። የከባድ መኪና ረዳት ሆኖ የጅቡቲን መንገድ ያዘ። አንድ ጊዜ መኪናው አዋሽ ላይ ተሰበረና ዕቃ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ መጠበቅ ሆነ። ሹፌሩ ጥላ ፈልጎ ሲተኛ ጋሽ እንድሪስ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ልጆች ሲጫወቱ አየ። ሁሉም ኳሷን ይከተላሉ፤ ጎሉ ጋ የቀረ አንድም ልጅ የለም። ዘልቆ ገባና ሁለቱን በትከሻቸው ይዞ፣ «እናንተ እዚህ ቁሙ» አላቸው። የቆሙት ልጆች ቡድን በዚያ ቀን አሸነፈ። ዕቃው መጣ፣ መኪናው ተጠገነ፣ ሹፌሩ ክላክስ አደረገ። ጋሽ እንድሪስ፣ «እኔን እዚሁ አራግፈኝ» አለው።

ዘይነባ ይህንን ታሪክ አትቀበልም። የሐርቡ ልጅ ናት፤ ያኔ መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት ነበራት። «ኳስ ነው ያስቀረኝ ይላል። ወላሂ በዚያ በሙቀት በቀን ስንት ብርጭቆ ሻይ ሲጠጣ የነበረውን እኔ አውቃለሁ» ትላለች።

ሜዳችን ጠጠር ነበር። ከባቡር ሐዲዱ ወዲያ፣ በግራር ቁጥቋጦ ተከብቦ፣ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ድንጋዩ ጫማ አልፎ ያቃጥላል። ስለዚህ ልምምድ ገና ሲነጋጋ ነው። በዚያ ሜዳ ላይ ሸርተቴ የወረደ ልጅ ቆዳው እዚያው ይቀራል። ጋሽ እንድሪስ ግን ሸርተቴን የሚጠላው ለጠጠሩ ብሎ አልነበረም። «መሬት ላይ የተኛ ተከላካይ ምንጣፍ ነው፤ ይረገጣል» ይላቸዋል። «ቁም! አትቸኩል! እሱ ይቸኩልልህ!» ይህችን ቃል በየማለዳው ስለሚጮሃት፣ አዋሽ ውስጥ ወረፋ የሚጋፋ ሰው ሲገኝ ከኋላ ያለው «እሱ ይቸኩልልህ» ማለት ልማዱ ሆኖ ነበር።

ይህንን የሚያስተምርበት ዘዴ ፍየል ነው። ሁለት ድንጋይ ያስቀምጣል፣ ተከላካዩን መሀል ያቆማል፣ ከጎረቤት የተዋሳትን ፍየል ወደሱ ይነዳለታል። ሳይነካት፣ ሳይወድቅ፣ እንዳታልፍ ማድረግ አለበት። ፍየል ደግሞ እንኳን ልጅ ሰይጣንን ታታልላለች። ራሷን ወደ ግራ አድርጋ በቀኝ ትወጣለች።

«እግሯን አትይ! ጭንቅላቷንም አትይ! ሆዷን እይ! ሆድ አይዋሽም!» ይላል ጋሽ እንድሪስ ሽርጡን ሰብስቦ ከጎን እየሮጠ።

የፍየሎቹ ባለቤት አንድ ቀን ጤና ጣቢያ ድረስ መጥተው፣ «ሲስተር፣ አንቺ ንገሪው፤ ፍየሎቼ ከስተው አለቁ» ብለው አቤት አሉ። ነገርኩት። በማግስቱ ልጆቹን ሁሉ አሰልፎ፣ እያንዳንዱ ከየቤቱ የፍየል መኖ ይዞ እንዲመጣ አዘዘ። ከዚያ በኋላ ፍየሎቹ ራሳቸው ጎህ ሳይቀድ ሜዳ ላይ ይጠብቁን ጀመር።

ሁመድ የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። የገዋኔ ልጅ፣ አጎቱ ዘንድ አዋሽ ተቀምጦ የሚማር ተባለ። የመጀመሪያ ቀን ፍየሏን በዓይኑ ብቻ አቆማት። ትከሻው ሰፊ፣ ዝላዩ ረጅም፣ ረጋ ያለ ነው። ወረቀቱ አሥራ ስድስት ይላል። በየማለዳው ጢሙን ተላጭቶ እንደሚመጣ ሁላችንም እናያለን፣ ሁላችንም ዝም እንላለን። ከሱ በፊት በዚያ ቦታ ይሰለፍ የነበረው ዳውድ የሚባል ቀጭን ልጅ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ዳውድ ቅሬታ አያውቅም። ማሊያው ስለሚሰፋው፣ ሲቀመጥ ድንኳን የተከለ ይመስላል።

በዚያ ዓመት ሰመራ ላይ በተደረገው ከአሥራ ሰባት ዓመት በታች ውድድር ለፍጻሜ ደረስን። አዋሽ እንዲያ ያለ ቦታ ደርሳ አታውቅም። ያደርነው በአንድ ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ፣ ፍራሽ አንጥፈን ነው። የፍጻሜው ቀን ጠዋት ልጆቹ ግቢው ውስጥ ፊታቸውን ሲታጠቡ አንድ አይሱዙ ከበሩ ላይ ቆመ። ወጣት ሴት ወረደች፤ ሕፃን ታቅፋለች፣ የወተት ዕቃ አንጠልጥላለች፣ አንድ ሌላ ልጅ ደግሞ ቀሚሷን ይዟል። ትንሹ ልጅ ግቢውን አየ፣ አየና፣ «አባ!» ብሎ እየጮኸ ሮጦ የሁመድ እግር ላይ ተጠመጠመ።

ሁመድ የጥርስ ብሩሹ አፉ ውስጥ ነበር። እዚያው ቀረ።

ጋሽ እንድሪስ ቀስ ብሎ መጣ። «ሁመድ፣ ይሄ ማነው?»

«ወንድሜ ነው፣ ጋሼ።»

«አባ!» አለ ልጁ።

«ወንድምህ አባ ይልሃል?»

ሁመድ መልስ ከማግኘቱ በፊት ሴትየዋ ፈገግ ብላ፣ በምታውቃት ትንሽ አማርኛ፣ «ልጁ ነው» አለች። የታቀፈችውንም ከፍ አድርጋ አሳየችው። «ይቺም ልጁ ናት።»

ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። በረኛችን ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ቧንቧው ሥር ተቀመጠ። ጋሽ እንድሪስም ሳቀ፤ ሕፃኗን ተቀብሎ አቀፋት፣ እናቲቱን እንኳን ደህና መጣሽ አላት፣ ወንበር አስመጣላት። ከዚያ ሳቁ ፊቱ ላይ ቀስ እያለ ሲጠፋ አየሁት።

የቡድን መሪያችን አቶ ጌታቸው ወደ አንዱ ክፍል ጠራን። የከተማው ስፖርት ክፍል ሠራተኛ ነው፤ ደግ ሰው፣ ነገር ግን ዋንጫ ያለ እሱ ስም ቢመጣ የሚታመም።

«ማንም አላየም። ሴትየዋን ሆቴል እናስቀምጣት፣ ማታ ትሄዳለች» አለ።

«ልጆቹ አይተዋል» አለ ጋሽ እንድሪስ።

«ልጆቹማ የኛ ናቸው!»

«እኔም እሱን ነው የምለው። የኛ ናቸው።»

«እንድሪስ፣ ሌሎቹ ቡድኖች ንጹሕ መሰሉህ? የአሳይታው አጥቂ ሪዝ አለው እኮ!»

ጋሽ እንድሪስ የዳውድን ሰፊ ማሊያ ከመስኮቱ ማዶ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ያየው ነበር። «እኔ ለወጣት ቡድን ተመርጬ ነበር» አለ። «ሻንጣ ተውሼ፣ እናቴ ዱዓ አድርጋልኝ። የጉዞው ዕለት በቦታዬ ሌላ ሰው አገኘሁ። ጢም ያለው ሕፃን። አውቶቡሱ ጥሎኝ ሄደ። እስካሁን ያቺን ሻንጣ ይዤ የቆምኩበት ቦታ በሕልሜ ይመጣል። ሁመድን ጠርጥሬው ነበር፣ ጌታቸው። መጠርጠር ስላልፈለግሁ ተውኩት። ዛሬ ግን ልጁ መጥቶ ዓይኔ እያየ አባ አለው። ከዚህ በላይ ምን እንዲለኝ ነው የምጠብቀው?»

አቶ ጌታቸው በሩን ወርውሮት ወጣ። ሁመድ ከውጭ ሆኖ ሁሉንም ሰምቷል። ገባ። ይቅርታ የሚጠይቅ መስሎን ነበር።

«ጋሼ፣ አሥራ ስድስት ዓመቴ ላይ ከግመል ጋር ነበርኩ» አለ። «ያኔ ቡድን የት ነበር? ማነው ና ተጫወት ያለኝ? ልጅ የምሆነው ኳስ ስጫወት ብቻ ነው።»

ጋሽ እንድሪስ ራሰ በራውን በመዳፉ አሸት አሸት አደረገ።

«እውነትህን ነው» አለው በመጨረሻ። «ተበድለሃል። ግን ያንተን ልጅነት የበላው ዳውድ አይደለም።»

ሁመድ ከዚያ ማሊያውን አውልቆ፣ አጣጥፎ፣ ራሱ ወስዶ ለዳውድ ሰጠው። ያም ማሊያ ዳውድን ሰፋው።

በፍጻሜው ሁመድ ከኔ አጠገብ፣ ወንዱን ልጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ ወንበሩ ላይ ነበር። የሰመራ ሙቀት ከከሰዓት በኋላም እሳት ነው፤ በረዶ የያዝኩበት ከረጢት ጨዋታው ሳይጋመስ ውሃ ሆነ። የተጋጣሚያችን የአሳይታ አጥቂ፣ ያ ሪዝ ያለው፣ በእውነት የሚበር ልጅ ነበር። መጀመሪያ ሲመጣበት ዳውድ ሸርተቴ ሊወርድ ጎንበስ አለ። ሁመድ ከወንበሩ ተነሥቶ በአፋርኛ አንድ ነገር ጮኸ። ዳውድ ቆመ። አጥቂው ወደ ግራ አለ፣ ወደ ቀኝ አለ፣ ዳውድ አልወደቀም፤ ወደ ኋላ እያለ፣ እያለ፣ ኳሷ ከአጥቂው እግር ትንሽ ስትርቅ ጫፏን ነካት። ወጣች።

እንዲህ ሆኖ ቀጠለ። ሁመድ ይጮኻል፣ ዳውድ ይቆማል። ልጁ ከአባቱ አንገት ሥር አብሮ ይጮኻል። ጋሽ እንድሪስ ወደኔ ዘወር ብሎ፣ «ሲስተር፣ ምን እያለ እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አለኝ።

«አላውቅም።»

«እኔ ልለው ያሰብኩትን። ቀድሞኝ።»

ጎል ሳይቆጠር ጨዋታው አለቀና ወደ መለያ ምት ሄድን። የመጨረሻውን የመታው ዳውድ ነው። ኳሷ ከአግዳሚው በላይ ወጥታ ከአጥሩ ማዶ የቆመ የከባድ መኪና ጭነት ላይ ዐረፈች። ተሸነፍን። ዳውድ ፊቱን በዚያ ሰፊ ማሊያ ሸፍኖ አለቀሰ። ጋሽ እንድሪስ ማሊያው ውስጥ ራሱን አስገብቶ፣ «አብሽር! ኳሷ ዛሬ ማታ ጅቡቲ ትገባለች። የኔ ከድሬዳዋ ሜዳ የወጣችው እስካሁን አልተገኘችም» ሲለው፣ ከማሊያው ውስጥ ለቅሶና ሳቅ አንድ ላይ ወጣ። የክልሉን ምርጥ ቡድን የሚመርጡት ሰዎች ከመሄዳቸው በፊት የጻፉት አንድ የአዋሽ ልጅ ስም ብቻ ነው። የዳውድን።

በማግስቱ ስንመለስ ሁመድና ቤተሰቡ አብረውን ተሳፈሩ። ገዋኔ ላይ ሊወርዱ ነው። አውቶቡሱ ሲቆም አባቱ፣ ቀጥ ያሉ ሽማግሌ፣ በትራቸውን ትከሻቸው ላይ ጋደም አድርገው ይጠብቃሉ። ለአንዴ ዳጉም ዘግይቶ፣ የሰሙት ልጃቸው ዋንጫ ይዞ እንደሚመጣ ነው። ሁመድ ከወንበሩ መነሣት አቃተው። ጋሽ እንድሪስ ቀድሞት ወረደና በሁለት እጁ ጨበጣቸው።

«ልጄ እንዴት ነው?» አሉ ሽማግሌው።

አውቶቡሱ ውስጥ ያለነው ሁሉ ወደ መስኮቱ ተጠጋን።

«ልጅዎ?» አለ ጋሽ እንድሪስ። «ልጅዎ ከዕድሜው በላይ ነው!»

ሽማግሌው በኩራት ራሳቸውን ነቀነቁ። እኛ መስኮት ሥር ተደፍተን፣ አፋችንን በልብሳችን አፍነን ልንሞት ደረስን። ሁመድ ሲወርድ ጋሽ እንድሪስ ጆሮውን ይዞ፣ «ሰኞ ማለዳ ሜዳ እንድትገኝ። ፊሽካ ገዝተህ ና። ታናናሾቹን የምታሠለጥነው አንተ ነህ» አለው።

የአዋሽ ሰው ግን አልሳቀም። አንድ ተጫዋች አስቀምጦ ዋንጫ ያስበላ አሠልጣኝ! መናኸሪያው ላይ የጠበቀን ሕዝብ አንድም ቃል ሳይናገር ተበተነ። ሰላምታ የነፈጉት ብዙዎች ናቸው፤ አቶ ጌታቸው እንዲያውም ሲያየው መንገድ ይሻገር ነበር። ጋሽ እንድሪስ በየማለዳው ፊሽካውን አንጠልጥሎ መሄዱን አላቋረጠም። ዕድሜ ልኩን ከተመልካች ስድብ የለመደ ሰው፣ «የአዋሽ ሰው የሚሰድበው በዝምታ ነው፤ የድሬዳዋ ሰው ቢሆን በዜማ ነበር» ይለኝ ነበር። ቀስ በቀስ ሰዉ ተመለሰ። ሁመድም ሰኞ መጣ፤ ከዚያ በኋላ ከሜዳው አልጠፋም። እኔ ወደ ሰመራ ተዛወርኩ።

አሁን አዋሽ ስደርስ ቤቱ ደጃፍ ላይ ሸራ ተወጥሮ ሰው ሞልቷል። ሹፌር፣ አስተማሪ፣ ፖሊስ፣ ነጋዴ፣ ሁሉም በሆነ ጊዜ እዚያ ጠጠር ላይ የቆሙ ልጆች። ዘይነባ ከሴቶቹ መሀል ተቀምጣ ሰውን ታስተናግዳለች። ሁመድ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ከሞተ ጀምሮ አላለቀሰችም። ፈርተንላታል» አለኝ።

ዱዓ ተደርጎ እንዳለቀ አቶ ጌታቸው ተነሣ። ፀጉሩ ነጥቷል። ስለ ሰመራው ፍጻሜ ማውራት ጀመረ፤ ስለ ሃቅ፣ ስለ አደራ፣ ጋሽ እንድሪስ ሁመድን ሲያስቀምጥ እሱ ራሱ እንዴት እንደኮራበት። «እኔ በበኩሌ ያን ጠዋት 'እንድሪስ፣ ከጎንህ ነኝ' ነው ያልኩት» አለ። አንድ ነጋዴ ቀበል አድርጎ፣ «እኛም መናኸሪያው ላይ በክብር ነው የተቀበልነው» አለ። ሌላውም ቀጠለ። በሸራው ሥር ያን ቀን ከጋሽ እንድሪስ ጎን ያልቆመ አንድም ሰው ጠፋ።

ዘይነባ ከሴቶቹ መሀል ቀና አለች።

«ደግ ነው» አለች። «እንዲህ ሁላችሁም ከጎኑ ከነበራችሁ፣ በዚያ ክረምት ሻይ ቤቴ የሚገባ ዝንብ ብቻ የነበረው ለምንድን ነው?»

ሰዉ ሁሉ አቶ ጌታቸውን አየ። አቶ ጌታቸው ኮፍያውን አዙሮ አዙሮ ያዘ፣ መሬት አየ፣ ከዚያ እንደ ተቀጣ ተማሪ በቀጭን ድምፅ፣

«ሻይሽ ስኳር ይበዛው ነበር፣ ዘይነባ» አለ።

ሸራው በሳቅ ተናወጠ። ዘይነባም ሳቀች፤ ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ፣ ወደፊት ወደኋላ እያለች ሳቀች፣ ሳቁ ደረቷን ከፈተውና እንባዋ መጣ፤ ከሞተበት ዕለት ጀምሮ ያልመጣው። ሴቶቹ ከበቧት። ማንም ተይ አላላትም። አቶ ጌታቸው ከምድጃው ላይ ትልቁን የሻይ ማንቆርቆሪያ አነሣና፣ ከዳር ጀምሮ ለእያንዳንዱ ሰው በተራ ይቀዳ ጀመር።